ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ

ጥቅምት 9 ቀን 2017
ከሕንድ ውቅያኖስ

ለአባዬ፣ ለአቶ ገለታ። አንባቢ፦ ሎሚ።

አባዬ፣ ጉልበትህን ስሜ ልጀምር። የደጃፍህ ቂርቆስ ጠዋት ማታ ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ። ምግብ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ እኔም እጮኽበታለሁ። የመርከብ ኤሌክትሪክ ሥራ አንተ ካዛንቺስ ውስጥ የሰው ቤት መብራት ስትቀጥል ከነበረው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ፣ እዚህ ፊውዝ ሲቃጠል ጎረቤት ሄዶ መጠየቅ የለም።

ሁለት ደብዳቤ ጽፌ መልስህ አልመጣም። አንተ ደግሞ መልስ ሳታስጽፍ የምታድር ሰው አልነበርክም። ሎሚ ሰንፋ ነው ወይስ አኩርፈኸኝ? በየካቲት ኮንትራቴ ያልቃል፤ ኩርፊያውን ያኔ ቁጭ ብለን እንጨርሰዋለን።

ሎሚ፣ በግራ ጆሮው በኩል ሆነሽ ጮክ ብለሽ አንብቢለት። ስልክ እንደማይሰማ ታውቂያለሽ። እኔ ስደውል ግን አንቺ ራስሽ ለምን አታነሺም? ወደብ ላይ ስንሆን ብቻ ነው መስመር የማገኘው። ባሕር ላይ ያለው ኢሜይል ብቻ ነው፣ እሱም በኮታ። የኔ ሲያልቅ በመሐመድአሚን አድራሻ ጻፊልኝ። የጅማ ልጅ ነው፣ ሞተር ክፍል አብረን ነን፣ እዚህ መርከብ ላይ አማርኛ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን ለአባዬ አታንብቢለት። በየመን በኩል በሚያልፉ መርከቦች ላይ ሚሳይል እየተተኮሰ ነው። ካምፓኒያችን በዚያ አንሄድም ብሏል፤ ግን ካምፓኒ ዛሬ ያለውን ነገ ይረሳል። ሰሞኑን ኩሽና ውስጥ ድስት ሲወድቅ ሁላችንም ከአልጋ እንዘላለን። አባዬ ይሄን ከሰማ ልቡ አይችልም። አደራ።

ናፋቂህ ለሊሳ

ጥቅምት 14 ቀን 2017
(ያልላክሁት)

ለሊሳ፣ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር። በቃ፣ እንደምን እንዳለህ ማወቁን ራሱ ፈራሁት።

አባባ ሞቷል። መስከረም ሃያ፣ ጠዋት። ሸሚዙን ቆልፎ፣ ጫማውን ሳያስር፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ እንዳለ ነው ያገኘሁት። ልብ ነው አሉ። ቂርቆስ ቀበርነው። ዕድሩ ድንኳኑን ሲነቅል ነው አንዱ ሽማግሌ «ልጁስ?» ያለው።

«ባሕር ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም» አሉ አጎትህ ጋሽ ደጋጋ። «እኛ ስንወድቅ መሬት ይይዘናል። እሱን ምን ይይዘዋል?»

ሼባዎቹ በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቄሱም።

«አገሩ ሲገባ በወጉ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን ገብተን እንነግረዋለን። ከዚያ በፊት ትንፍሽ ያለ ከኛ ወገን አይደለም» አሉና እኔን አዩኝ። ድንኳን ሙሉ ሰው እያለ እኔን። አፌን ስለሚያውቁት ነው።

ማለቴ፣ ከማን ወገን እንደሆንኩም ሰው ሲያሰላው ይደክመዋል። የአባባ የአጎት ልጅ የልጅ ልጅ ነኝ። እናቴ ስትሞት አባባ ከአምቦ ወዲያ ሄዶ አመጣኝ፣ ይኸው አሥራ ሰባት ሞላኝ። አሥረኛ ክፍል አስተማሪው ላይ ደብተር ወርውሬ ከትምህርት ቤት የወጣሁ ቀን እንኳን አልተቆጣኝም። «እስክሪብቶውን አልወረወርሽም አይደል?» አለኝ። «አልወረወርኩም።» «በይ ለለሊሳ ጻፊልኝ።»

እና ጻፍኩልህ። አልልከውም። መርከቡ ጠርዝ ላይ ቆመህ ስታነበው ይታየኛል።

ጥቅምት 15 ቀን 2017
ከአዲስ አበባ

ለወንድሜ ለለሊሳ። ውኃውን የፈጠረ አምላክ ውኃው ላይ ደግፎ ያቆይህ።

እኔ ደህና ነኝ። ሰፈሩም ያለው አለ፣ የሌለው የለም፤ በካዛንቺስ ዋናው መንገድ በኩል ያለው ፈርሷል። አባባ ቂርቆስ ነው የሚውለው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ። ሳሉ ለቆታል። ደብዳቤህን እዚያው ሄጄ በግራው በኩል ሆኜ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ አላፊ አግዳሚው ዞሮ አየኝ። የየመኑን አላነበብኩም።

ስልክ የማላነሳው ስክሪኑ ተሰብሮ ነው።

አንተ ግን ከመርከቡ ጠርዝ አትጠጋ። ምንም ሆኖ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው። ብርድ ስለሆነ።

ሎሚ ነኝ፣ ያቺው

ኅዳር 1 ቀን 2017
ከመርከብ ላይ

ሎሚ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሳሉ መልቀቁን ሳነብ ለመሐመድአሚን ሮጬ ነገርኩት። ስድስት ክረምት ያልለቀቀው ሳል። ምን አጠጣሽው?

«ከጠርዙ አትጠጋ» ያልሽውን ግን ሙድ ያዝንበት። እህቴ፣ መርከብ ሙሉውን ጠርዝ ነው።

ያንን ነገር እንደፈራሁት ነው፤ በየቀኑ ሌላ ወሬ አለ። ትናንት የማንቂያ ደወል ጮኸ፣ ሕይወት አድን ጃኬት ለብሰን ወለሉ ላይ ተኛን። ልምምድ ነው አሉን ሲያበቃ። እንደዚያ በሆነ ቁጥር የማስበው አባዬን ነው። እኔ አንድ ነገር ብሆን ማን ይነግረዋል እላለሁ፣ ከዚያ ጆሮውን አስባለሁ፤ ነጋሪው ስንት ጊዜ ደጋግሞ መጮኽ ሊኖርበት ነው።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ፎቶውን አንስተሽ ላኪልኝ። ጋቢውን ለብሶ በረንዳው ላይ። የሰሞኑን ግን፣ የድሮውን አይደለም።

ኮንትራቴ እስኪያልቅ በሁለታችሁ የምመካው ለሊሳ

ኅዳር 9 ቀን 2017
(ይሄንንም አልላክሁትም)

ለሊሳ፣ ለማንም መናገር ስለማልችል ለአንተ ለማትሰማኝ እነግርሃለሁ።

ትናንት ጋሽ ደጋጋ ከጎተራ መጡ። የአባባ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። በዓይናቸው ጣራውን፣ ግድግዳውን፣ ቆጣሪውን ለኩ።

«ሎሚ፣ ከፍርድ ቤትም ሆነ ከወረዳ ሰው መጥቶ ቢጠይቅሽ፣ ገለታ ልጅ የለውም ትያለሽ።»

«ለሊሳስ?»

«ለሊሳ አለ። ለፍርድ ቤት ነው የሌለው።»

የቀለዱ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ለካ ማመልከቻ አስገብተዋል። ብቸኛ ወራሽ እኔ ነኝ፣ ውርስ አጣሪም ልሁን ብለው። አጣሪ ማለት የሟቹን ንብረት ሰብስቦ፣ የሚከፈል ካለ ከፍሎ፣ የቀረውን ለወራሽ የሚያስረክብ ሰው ነው። ሦስት ምስክር አቁመው ልጅ የለውም አስብለዋል። ፍርድ ቤቱም ጋዜጣ ላይ አውጥቷል፤ ተቃዋሚ ካለ ታኅሣሥ 24 ይቅረብ።

«ምስክሮቹ እነማን ናቸው?» አልኩ።

«ለቅሶ ላይ የነበሩ ናቸው። ሁሉም ለሊሳን ያውቁታል፣ ሁሉም ይወዱታል። ለሱ ብለው ነው። ስሚኝ፣ ሰፈሩ እየፈረሰ ነው። ነገ እኛ ቤት ቢመጡ ባለቤቱ ማነው ሲሉ ሬሳ አንጠራላቸውም፣ የፍርድ ቤት ወረቀት የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ልጅ አለው ካልን አምጡት ይሉናል። ለማምጣት መንገር አለብን። ከነገርነው ባሕር ውስጥ ነው። ስለዚህ የለም። አገሩ ሲገባ የሱን አስረክበዋለሁ።»

«ባያስረክቡትስ?»

«አፍሽን ያዢ።»

«ቀኑ ሳያውቅ ያልፍበታል ኮ።»

«ወራሽ የሚከስሰው ባወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ነው። ካላወቀ አይቆጠርበትም። ዝም በማለታችን ጊዜውን እያስቀመጥንለት ነው» አሉ። ከዚያ አለቀሱ። የእውነት እንባ ነው፣ ለሊሳ። ሰው እያለቀሰ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ብርጭቆ ወረወርኩ። ግድግዳው ላይ ነው፣ እሳቸው ላይ አይደለም። ቀስ ብለው ተነሡና ስብርባሪውን በጫማቸው ገፉት።

«ይሄ ቤት ያንቺ አይደለም» አሉ። ሲወጡ የውጭ በሩን መለዋወጫ ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አውርደው ይዘው ሄዱ።

ዛሬ በጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ኩልሱም ሱቋን ለልጇ ትታ ፍርድ ቤት አብራኝ ሄደች። መረጃ መስኮት ላይ ያለችው ሴትዮ ጥሩ ሰው ናት፣ ግን ሰልፉ ረጅም ነው፣ አንገቷን ሳታነሳ ነው የምታወራው።

«መቃወም የሚችለው ወራሹ ራሱ ነው፣ ወይም ወኪሉ። አንቺ ምኑ ነሽ?»

አስረዳኋት። መሀል ላይ ደከማት።

«ዕድሜሽ?»

«አሥራ ሰባት።»

«ልጁ ውክልና ይላክ። በኤምባሲ የጸደቀ፣ ለትልቅ ሰው የተሰጠ። ከቀኑ በፊት። ካለፈ ማስረጃው ለጠያቂው ይሰጣል። ከዚያ በኋላ አዲስ ክስ ነው፣ ሦስት ዓመትም ቢኖረው ቤቱ እስከዚያ የት እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ቀጣይ።»

ስንመለስ ካዛንቺስ በኩል መጣን። የጓደኛዬ የነ ሰብሪና ቤት የነበረበት ቦታ አሁን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ይታያል። አንድ የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ብቻ ከነሰማያዊ ሴራሚኩ ቆሟል። እትዬ ኩልሱም እጄን ያዘችኝ።

ኅዳር 10 ቀን 2017
ከአዲስ አበባ

ለለሊሳ። ማዕበሉ ይራራልህ።

ፎቶው ይቆይ። አንድ ነገር በአስቸኳይ ላክልኝ፦ ውክልና። ለእትዬ ኩልሱም፣ ለጎረቤታችን፣ የቤቱን ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርባ እንድትጨርስ። በኤምባሲ መጽደቅ አለበት። ከታኅሣሥ 24 በፊት መድረስ አለበት። ሰፈሩ እየፈረሰ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ አትጠይቀኝ። ለጋሽ ደጋጋ እንዳትጽፍ።

ሎሚ

ኅዳር 16 ቀን 2017
ከመርከብ ላይ

ሎሚ፣ ደህንነትሽን ሳልጠይቅ ብጀምር ቅር አይበልሽ፣ ተናድጃለሁ።

የቤቱ ባለቤት አባዬ ነው። አባዬ እያለ የኔ ውክልና ምን ይሠራል? ለጎረቤት ደግሞ? ፎቶ ጠየቅኩ፣ የለም። ወደብ ስንቆም ስልክ ደወልኩ፣ ዝግ ነው። አባዬ አንዲት ቃል አላስጻፈም። አንቺ ግን ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ አስቸኳይ ትያለሽ። ማነው ከኋላሽ ሆኖ የሚያስጽፍሽ? አባዬ ያሳደገሽ ልጅ እንዲህ ትላለች ብዬ ለማሰብ አፍራለሁ፣ ግን አሰብኩት።

አባዬን ምን አድርጋችሁታል? የት ነው ያለው?

ለጋሽ ደጋጋ ጽፌላቸዋለሁ። እሳቸው ይነግሩኛል።

ለሊሳ

ኅዳር 20 ቀን 2017
ከአዲስ አበባ

ለማላውቅህ ወንድሜ ለመሐመድአሚን። አሰላሙ አለይኩም። እንዲህ በል ያለችኝ እትዬ ኩልሱም ናት፣ ከልቧ ነው።

የለሊሳ አባት ሞቷል። መስከረም ላይ። ለሊሳ አያውቅም። እኛ ጋ መርዶ በደብዳቤ አይነገርም፣ አንተም ታውቃለህ። ግን የሚጠብቅ ጊዜ የለንም፣ ያለን ሰው ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። ስለዚህ በወጉ አድርግልኝ። ለብቻህ አትንገረው፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ፣ ቋንቋ ባይገባቸውም ይቁሙ። ጎህ ሲቀድ፣ ለሥራ ሳይወጣ። ቆሞ እንዳይሰማ፣ አስቀምጠው። ከዚያ ከአጠገቡ አትለይ። በሩን እንዳይቆልፍ፣ ወደ ውጭው ወለል ብቻውን እንዳይወጣ። ሲያለቅስ በቃህ አትበለው። ካላለቀሰ ነው የምትፈራው።

ከዚህ ጋር ያለውን ደብዳቤ በሁለተኛው ቀን ስጠው።

ለሊሳ፣

አጎትህ ለደብዳቤህ «አባትህ ደህና ነው፣ ልጅቷ አጉል ጓደኛ ይዛለች» ብለው እንደመለሱልህ ራሳቸው ነገሩኝ። የውጭ በሩን ቁልፍ አስለውጠዋል። እትዬ ኩልሱም ሱቅ ጀርባ ነው የማድረው፣ የስኳር ጆንያ ላይ። እንዳትናደድ፣ ይመቻል።

ሌባ መስዬህ ከሆነ እሺ። አባባ ሲሞት አላስጨነቀኝም፣ ሳል እንኳን አልነበረም። ሌላውን ሁሉ ልንገርህ።

(የፍርድ ቤቱን፣ የምስክሮቹን፣ የቀኑን፣ ጋሽ ደጋጋ ያሉትን ሁሉ ከዚህ ጋር ካያያዝኩልህ፣ ሳልልክ ካስቀመጥኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች አንብበው። ቀኑ ታኅሣሥ 24 ነው። ካለፈ ለፍርድ ቤቱ አንተ አልተወለድክም።)

መንገሬ ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ሼባዎቹ ሁሉ ተሳስተው እኔ ልክ የምሆንበት ቀን እስካሁን አልመጣም። ግን አንተ በሌለህበት የለህም መባሉን አልቻልኩትም።

ሎሚ

ታኅሣሥ 3 ቀን 2017
ከኮሎምቦ ወደብ

ሎሚዬ፣ ይኸው መሬት ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። የወደብ ሲሚንቶ ነው፣ ግን መሬት ነው።

በዚያ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ተመታን ብዬ ጃኬቴን ያዝኩ። በሩን ስከፍት አራት ሰው ቆሟል። ፊሊፒኖው ምግብ አብሳይ፣ የሞተር ክፍል አለቃችን ሕንዱ ቺፍ፣ ዩክሬናዊው በያጅ፣ ከፊት መሐመድአሚን። ነጠላ ስለሌለው የአልጋ አንሶላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። ሎሚ፣ ቃል ሳይወጣው አወቅኩ። አንሶላውን ሳይ አወቅኩ። «ቁጭ በል» አለኝ። ቁጭ ካልኩ እውነት ስለሚሆን ቆሜ ቀረሁ። ቺፉ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ምግብ አብሳዩ ሩዝ ሠርቶ መጣ። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መምጣትን ማን አስተማረው? ሦስት ቀን ሙሉ መሐመድአሚን በሬ ላይ ፍራሽ ጥሎ ተኛ። ሽንት ቤት ስሄድ እንኳን አብሮኝ ነው። አንቺ እንዳዘዝሽው ነው ይለኛል፤ «እኔ ከባሕሩ በላይ እሷን ነው የምፈራት» አለ።

ሁለት ወር ሙሉ ለሞተ ሰው እንዴት ዋልክ ስል ኖርኩ። ይሄን ላንቺም፣ ለሼባዎቹም ይቅር የምልበት ቀን ይመጣል፣ ዛሬ አይደለም። ላንቺ ያልኩትን ግን ዛሬውኑ መልሽልኝ። ሌባ አድርጌሽ ነበር።

አሁን ስሚኝ። የመርከባችን የወደብ ወኪል እንደነገረኝ እዚህ ውክልና የሚያጸድቅልኝ የኛ ቢሮ የለም። ልሂድ፣ አባቴ ሞቷል አልኩ፣ ምትክ ሳይመጣ አትወርድም አሉኝ፣ ምትክ ደግሞ ጥር መጨረሻ ነው። አንድ መንገድ ግን ተገኘ። የካምፓኒው ሌላ መርከብ እዚሁ ቆማለች፣ እህል ጭና ወደ ጅቡቲ ነው የምትሄደው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛዋ ወርዶባታል። ማንም በሱ ቦታ ሊገባ አልፈለገም፣ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። መንገዷ በየመን ጥግ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው።

ፈርሜያለሁ። መሐመድአሚን ሰደበኝ፣ ከዚያ ቦርሳዬን ተሸከመልኝ። ጅቡቲ እንደደረስኩ መጀመሪያ ኤምባሲ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ከቀኑ በፊት እደርሳለሁ። በአዲሷ መርከብ የኢሜይል አድራሻ የለኝም፣ አልጽፍልሽም። አባቴን ዳኛ ፊት ልጅ አልነበረውም አያስብሉትም።

ለሊሳ ገለታ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2017
ከአዲስ አበባ

ለሊሳ፣ አትሂድ።

ሰላምታ የለኝም። አትሂድ በቃ። ቤቱ ይውሰዱት። ጋሽ ደጋጋ ይውሰዱት፣ ዶዘርም ይውሰደው። ሁለት ክፍልና አንድ በረንዳ ነው፣ ጣራው ያፈሳል፣ አንተም ታውቃለህ። እኔ ለቀኑ ብዬ ጻፍኩልህ እንጂ ለቀኑ ብለህ ሙት አላልኩም። ሦስት ዓመት አለህ ኮ፣ ካወቅክበት ቀን ጀምሮ። ጥር ላይ ምትክህ ይምጣ፣ በአውሮፕላን ና፣ ከዚያ እንከስሳለን፣ እንጮኻለን፣ እኔ ብርጭቆ እወረውራለሁ።

መሐመድአሚን፣ ይሄን ያየህ እንደሆነ ሩጥ። ቦርሳውን ንጠቀው።

ታኅሣሥ 5

የመሐመድአሚን መልስ መጣ። አንዲት መስመር ናት። «እህቴ፣ ትናንት ማለዳ ወጥተዋል።»

ታኅሣሥ 24 ቀን 2017
ከአዲስ አበባ

ለሊሳ፣ የት ሆነህ እንደምታነበው ስለማላውቅ በድሮውም አድራሻህ፣ በመሐመድአሚንም፣ በሁሉም ልኬዋለሁ። ያለህበትን የሚያውቅ አምላክ ጥላ ይሁንህ።

በቀኑ አልደረስክም። ጅቡቲ ካለው ኤምባሲ የመጣ ውክልናም የለም። እስከ ትናንት ማታ አውቶቡስ ተራ ነበርኩ፤ ከድሬዳዋ መስመር የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን እያየሁ። ባለፈው ሳምንት እትዬ ኩልሱም ሬዲዮኗን ከሱቁ አንስታ ጓዳ ከተተችው። ለምን ስላት ተበላሽቷል አለች። በኋላ ጎረቤት ሲያወራ ሰማሁ፣ በየመን በኩል አንዲት መርከብ ተመታች ይላል፣ ስሟ አልተነገረም። ሬዲዮኑ አልተበላሸም።

ጠዋት ፍርድ ቤት ሄድን። አባባ ለበዓል የሚለብሰውን ኮቱን ለብሼ ነው የሄድኩት፣ እጅጌው ይሸፍነኛል። ጋሽ ደጋጋ ፊት ወንበር ላይ ነበሩ፣ ሦስቱ ምስክሮች ከጎናቸው። አንዱ ፈየራ ነው፣ ብስክሌት ያስተማረህ።

ጉዳያችንን ጠሩ። ዳኛዋ መዝገቡን ገለጠች።

«ተቃዋሚ አለ?»

ተነሣሁ። «አለ።»

«አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም። መንገድ ላይ ነው።»

ከኋላ ሰው ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም። «ማነው መንገድ ላይ ያለው?»

«የሟች ልጅ። ለሊሳ ገለታ። መርከበኛ ነው። አባቱ መሞቱን ደብቀውት ነው እስካሁን ያልመጣው። ክፋት አይደለም፣ ማለቴ፣ ወግ ነው። ባሕር ላይ ላለ ሰው አይነገርም ብለው። እንዳይነግሩት ብለው ዝም አሉ፣ ዝም ካሉ በኋላ ደግሞ የለም አሉት።»

ዳኛዋ ወደ ጋሽ ደጋጋ ዞረች። «አቶ ደጋጋ፣ ሟች ልጅ አላቸው ወይስ የላቸውም? በመሓላ ነው የሚመልሱት።»

ጋሽ ደጋጋ ቆሙ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ፈየራ መሬት መሬት ያያል።

«አላቸው» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ነው። ለሱ ብዬ ነው፣ ክብርት ዳኛ። እንዳይሞት ብዬ ነው።»

«በሕይወት አለ?»

ጋሽ ደጋጋ ዞረው እኔን አዩኝ። በድንኳኑ እንዳዩኝ አይደለም። ያቺ ልጅ ታውቅ ይሆናል ብለው፣ እየለመኑ። እሳቸውም ሬዲዮ ሰምተዋል። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«አለ» አልኩ።

«በምን ታውቂያለሽ?»

«ጽፎልኛል።»

«መቼ?»

ታኅሣሥ ሦስት ማለት ነበረብኝ። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን እንደ ልማዱ ቀደመኝ። «ሰሞኑን» አልኩ።

ዳኛዋ ብዙ ጻፈች። ማስረጃው ለጊዜው አይሰጥም አለች። አጣሪም አይሾምም። ምስክሮቹ ስለሰጡት ቃል ይጠየቃሉ። ልጁ ራሱ ወይም ወኪሉ ለጥር 16 ይቅረብ፣ ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ ባለው ነገር ይወስናል። አዲስ ቀን ሰጡን፣ ለሊሳ። የጠየቅነውን አገኘን። ከክፍሉ ስወጣ ግን ያሸነፈ ሰው እንደዚህ ይታመማል ወይ አልኩ።

ጋሽ ደጋጋ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ይመቱኛል ብዬ እትዬ ኩልሱም ጀርባ ቆምኩ። የቤቱን ቁልፍ ዘረጉልኝ።

«መርዶውን ነገርሽው» አሉ። «ውኃው ውስጥ አልዘለለም። አንቺ ልክ ነበርሽ። ግን ይኸው ነገርሽውና በገዛ እግሩ ወደ እሳቱ ገባ። እኔም ልክ ነበርኩ።»

ስድብ ፈለግኩ። ቁልፉን ተቀበልኩ።

ለሊሳ፣ እኔ አባባን ዋሽቼው አላውቅም፣ አንተን የዋሸሁህ ያዘዙኝን ነው። ዛሬ ግን ማንም ሳያዘኝ፣ ዳኛ ፊት ቆሜ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በሕይወት አለ ብያለሁ። ተጽፏል። መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

አታስዋሸኝ።

ሎሚ